የችሮታ ጎሎች

ጋሽ አስናቀ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ አውቀው ተሸነፉልኝ። የተበደልኩት ይኸው ነው። ሌላ የለውም።

ይህን ስናገር ሰው አፌን ያያል፤ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ከዚያማ ምንም። ድንበሬን አልገፉም፣ አልሰደቡኝም፣ በትር አላነሱብኝም። ተሸነፉልኝ ነው የምላችሁ። እጄን ሰብረውት ቢሆን ወጌሻ ጋ እሄድ ነበር። ሐሰት ሆኖ የተገኘ ድል ግን የት ሄዶ ይታሻል?

ነገሩ የቪዲዮ ጌም ነገር ነው። ቃሉን ስታዩ «የልጆች ጨዋታ» ብላችሁ ገጹን ልታልፉ የቃጣችሁ ካላችሁ እለፉት። ሰው ትቶኝ ሲሄድ ማየት ለምጃለሁ።

ለቀራችሁት ልቀጥል። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የቀን ጥበቃ ሆኜ እሠራለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ወጣቶች በምሳ ሰዓት ጥላው ሥር ተቀምጠው «የምንጊዜም ምርጥ ጌሞቼ» እያሉ ከአንድ እስከ አስር ይደረድራሉ፤ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ የአንዱን ይንቃል። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ እሰማለሁ። እስከ ዛሬ «አንተስ?» ያለኝ የለም። ጥበቃ የሚጠየቀው «ኃላፊው ገብተዋል ወይ?» ተብሎ ነው። ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ከሁሉ በፊት እባቧ ናት።

ከገረሴ ደጋ የወረድኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ ማሳዎች ሙዝ እያወጣሁ መኪና ላይ ስጭን ብዙ ዓመት ኖርኩ። ያን ጊዜ ባለ ቁልፉ ስልክ፣ ያ አናቱ ላይ ባትሪ የሚያበራው፣ በከተማው ሲረክስ አንድ ገዛሁ። የገዛሁት ለመደወል ነበር። የምደውልለት ሰው እንደሌለኝ ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው። የስልኩ ጌም፣ እባቧ፣ ግን ነበረች። መኪናው እስኪመጣ ሙዙ ሥር ተጋድሜ አበላታለሁ። ትበላለች፣ ትረዝማለች፤ በረዘመች ቁጥር መዞሪያ ታጣለች፤ በመጨረሻ የገዛ ገላዋን ነክሳ ትሞታለች። ጠባዬን የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ላይ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ፊደል አላውቅም ነበር፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ሙዝ የሚጭን ሰው ዘለላ መቁጠር ግዴታው ነው። አንድ ቀን ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ላይ ደረስኩ። ማንም ያልደረሰበት ስል ከስልኩ ባለቤት በቀር ማንም ነክቶት ስለማያውቅ ነው። ለማሳው ካቦ ወስጄ አሳየሁት። አየና «ታዲያ ምን ይደረግልህ?» አለኝ። በማግሥቱ ዘለላ ላነሳ ጎንበስ ስል ስልኬ ከደረት ኪሴ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ቦዩ ወደ ኩልፎ፣ ኩልፎ ወደ ጫሞ ነው የሚሄደው። አዞ ካላኘከው በስተቀር ሪከርዴ እዚያ ሐይቅ ውስጥ አለ። እስከ አሁን የሰበረው የለም።

በዚያው ዘመን ሚስት ነበረችኝ። ስድስት ዓመት ከታገሰች በኋላ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ እናቷ ሄደች። በሩ ላይ ሆና «ካንተስ ከግድግዳ ጋር መኖር ይሻላል፤ ግድግዳ አያኮርፍም» አለችኝ። እንድትመለስ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። ግን አኩርፌ ስለነበር ሳልልክ ቀረሁ።

ቀጥላ የመጣችው የኮምፒዩተር ካርታ ናት። ወገቤ ሸክም እምቢ ሲል ጥበቃ ተቀጠርኩ። ጽጌ የምትባል ጸሐፊያችን ሥራ ሲቀዘቅዝ ቀዩን ካርታ ከጥቁሩ ሥር እየደረደረች ስትጫወት በመስኮት አየሁ። ደግ ሴት ናት፤ ጠርታ አስተማረችኝ። ፊደል የማይጠይቅ ነገር መሆኑ ደስ አለኝ። በወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ኮምፒዩተሩ ብቻውን ቀረ። እኔም ብቻዬን ነኝ። በምሳ ሰዓት እየገባሁ እንገናኛለን።

አንድ ቀን ካርታውን ስፈልግ የማላውቀው ነገር ነካሁ መሰለኝ፣ መሃል ላይ ሳጥን ብቅ ብሎ ጠየቀኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ቢሆንም ለእኔ ያው ነበር። ምን እንደጠየቀኝ አላውቅም። ግን የመንግሥት ዕቃ ጠይቆህ ዝም ማለት ነውር መስሎ ታየኝ። እኛ አገር የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ እሺ ይላል፤ ምን እንደሆነ በኋላ ይደረስበታል። እሺ አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና እሺ አልኩት። ኃላፊው በር ላይ ቆመው ኖሯል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አሉኝ።

«እየጠበቅሁት ነው» አልኩ።

እሺ ያልኩት ለካ የዓመቱን ሪፖርት ልደምስሰው ወይ ሲለኝ ነበር። ኃላፊው አልጮሁም። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወረቀት አንሥተው «ይህን አንብብልኝ» አሉ። ወረቀቱን ገልብጬ ይዤው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያው ሳምንት ከሥራ ከማወጣህ ይህ ይሻላል ብለው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ስሜን አስመዘገቡ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጋሽ አስናቀ የሚባሉት አስተማሪ ወደ ሕይወቴ የገቡት እንዲህ ነው።

ጋሽ አስናቀ የጎጃም ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለማስተማር አርባ ምንጭ ተመደቡ፣ እዚሁ ሚስት አገቡ፣ እዚሁ ሸበቱ። ቀጭን ናቸው። ሙቀቱ ድንጋይ ሲያቀልጥ እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። ጠመኔ ይዘው «ደግመህ በል» ሲሉ ሰው ይንቀጠቀጣል። ከእሳቸው ፊደል ተማርኩ፤ ደስ ብሎኝ ግን አልነበረም። ትምህርቱ ሲያልቅ መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣዬን አንሥቼ አልፋቸዋለሁ። ከዚያ ያለፈ አልነበረንም።

ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ልጆቻቸው ሐዋሳ ናቸው፤ ለበዓል ይመጣሉ ይባላል፤ መጥተው ግን አላየሁም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ ስሄድ ያ አርባ ምንጭ የሚያውቅበት ድንገተኛ ዝናብ ወረደ። በቅርብ ያገኘሁት በር ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ጋሽ አስናቀም ከኋላዬ ኮታቸው እየተንጠባጠበ ገቡ። ቤቱ የእትዬ ምንታምር ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ወንበር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፤ አግዳሚው ላይ ተሳፋሪ ያጡ የባጃጅ ሹፌሮች። እትዬ ምንታምር ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አየችን። እዚህ ቤት የሚጠለል የለም፣ የሚጫወት እንጂ፤ ስትል ጆይስቲኩን በየእጃችን አስያዘችን።

ስድስት ለባዶ ተሸነፍኩ።

ዝናቡ ሳያባራ ተነሥቼ ወጣሁ። ባርኔጣዬን እንኳ ረስቼ። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ እስከዚያ ቀን ከሰው ጋር ተጫውቼ አላውቅም። እባቧ ስትሞት ስልኩን እዘጋለሁ። ካርታው ሲቆለፍብኝ ሌላ እበትናለሁ። ሰው ግን ካሸነፈህ በኋላ እዚያው አጠገብህ ተቀምጦ ይተነፍሳል። ምን ይደረጋል? ሁለት ቅዳሜ በዚያ ሰፈር ሳላልፍ ቀረሁ። በሦስተኛው ባርኔጣዬን ልወስድ ሄድኩ። ጋሽ አስናቀ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው፤ ባርኔጣዬ ጉልበታቸው ላይ ነው። «ተቀመጥ» አሉኝ፤ ያው የክፍሉ ድምፃቸው ነው፤ ተቀመጥኩ። ሁለት ለአንድ አሸነፍኩ።

ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ። በየቅዳሜው ስምንት ሰዓት ላይ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወርደው ይመጣሉ፤ እኔ ቀዩን ማልያ፣ እሳቸው ነጩን፤ አሸንፋለሁ። ሦስት ለሁለት። አራት ለሦስት። አንዳንዴ በመጨረሻዋ ደቂቃ። ሲሸነፉ ያዝናሉ፤ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ዓይኔ ነው፣ እጄም ይንቀጠቀጣል» ይላሉ። አመንኩ። እንዲያውም መከርኳቸው። ጋሽዬ፣ ኳሱን አይቆዩበት፤ ጋሽዬ፣ ተከላካይዎን ያስጠጉ፤ ጋሽዬ፣ ትዕግሥት ይጎድልዎታል እያልኩ። ፊደል ያስተማረኝን ሰው ትዕግሥት ይጎድልዎታል አልኩት፤ ቃል በቃል። እሳቸውም «ልክ ነህ» ብለው ጽፈው እንደሚይዙ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አረማመዴ ተለወጠ። ሰኞ በር ላይ ስቆም የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ በአዲስ ዓይን አያለሁ፤ ይህን ሰው ስንት ለስንት አሸንፈው ነበር እያልኩ። ከኃላፊው በስተቀር ሁሉንም በሰፊ ልዩነት አሸንፋለሁ። የሳምንቱ ስድስት ቀን ለቅዳሜ መዳረሻ መንገድ ሆነ። ቤቴ ስገባ ዝምታው እንደ ድሮው አይከብደኝም፤ የምጨርሰው ጨዋታ ያለኝ ሰው ነኛ። ለእባቧ ላቅ ያለ ክብር እንዳለኝ ሆኖ፣ የምንጊዜም ምርጤ ያቺ የቅዳሜዋ ኳስ ናት። ነበረች ልበል።

አንድ ሐሙስ ለወገቤ ሐኪም ቤት ሄጄ ስመለስ በእትዬ ምንታምር በር አለፍኩ። ከውስጥ ሁካታ ሰማሁ። የበሩን መጋረጃ በጣቴ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ወንበሩ ላይ ጋሽ አስናቀ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አልደከመም። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አውራ ጣታቸው የልብስ ስፌት መኪና መርፌ ይመስል ይወርዳል ይወጣል። እዚያ ቤት ደንቡ ተሸናፊ ይነሣል ነው። አንድ ሹፌር አምስት ለባዶ ተነሣ፣ ሌላው ተቀመጠ፤ እሱም አራት ለባዶ ተነሣ። ጋሽ አስናቀ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሦስተኛው ሹፌር ሲቀመጥ እየሳቀ ተናገረ፦

«ጋሽዬ፣ ለቅዳሜው ሰውዬ የሚያደርጉትን ለእኛም አንድ ቀን ያድርጉልን እንጂ።»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እትዬ ምንታምርም ሳቀች። ጋሽ አስናቀ አልሳቁም፤ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ «እሱን ተወው» አሉ።

የሳቁትን ይቅር ብያለሁ። «እሱን ተወው» የሚባለው ግን ስለ ማን ነው? ስለ በሽተኛ ነው። ስለ ሕፃን ነው።

መጋረጃውን ለቅቄ ቤቴ ገባሁ። ቅዳሜ አልሄድኩም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ አልሄድኩም። ሰባት ቅዳሜ አለፈ። በዚህ መሃል የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ያረጀ የንክኪ ስልኩን ሲለውጥ አሮጌውን ሰጠኝና ሉዶ ጫነልኝ። ሉዶ የአራት ሰው ጨዋታ ነው። ቀዩም እኔ፣ ቢጫውም እኔ፣ አረንጓዴውም ሰማያዊውም እኔ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አልጋዬ ጠርዝ ተቀምጬ ለአራታችንም ዳይስ እጥላለሁ። ሳሸንፍ ሦስቴ ተሸንፌ ነው የማሸንፈው። አንድ ቀን ቢጫው ቀዩን ቤቱ ደጃፍ ላይ ገደለውና ቢጫውን አኮረፍኩት። ያን ጊዜ ነገሩ በጤና እንዳልሆነ ገባኝ።

ማመልከቻ ጻፍኩ። ራሴ፣ በገዛ እጄ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። «አመልካች በቅን ልቦና ስጫወት፣ ተጠሪ ሆን ብለው፣ ደጋግመው፣ በአደባባይ በመሸነፋቸው ክብሬ ስለተነካ በሕግ ይጠየቁልኝ» ይላል። ወስጄ ቀበሌ ሰጠሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና፣ አባባ፣ አጭበርብሮ ማሸነፍ የሚከሰስበት እንጂ መሸነፍ የሚከሰስበት አንቀጽ የለም፤ ለዚህ የአገር ሽማግሌ ነው የሚሻልዎት፤ አለችኝ። ስወጣ ግን ጠራችኝና ጽሑፍዎ በጣም ንጹሕ ነው አለችኝ። ይህ የባሰ ወጋኝ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሄድኩ፦ ኳሱን የለቀቁልኝ ሰው፣ ፊደሉንስ?

ሲቀላ ያለ የደጋ ሰው ሲጣላ የሚሄደው አቶ ኦይቻ ጋ ነው። እሳቸውም እንደ እኔ የገረሴ ተወላጅ ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ በግቢያቸው ማንጎ ሥር ሰው ያስታርቃሉ። ጉዳዬን ስነግራቸው አልሳቁም። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ና፤ እሳቸውንም እናስጠራለን» አሉ። እሁድ ስደርስ እርጥብ ሣር መሃል ላይ ተነጥፏል፤ አቶ ኦይቻና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ቡሉኳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ጋሽ አስናቀ ኮታቸውን እንደለበሱ ከወዲያ በኩል ድንጋይ ላይ ናቸው። ከሰባት ሳምንት በኋላ ሳያቸው ከስተው አገኘኋቸው። ፊቴን አዞርኩ።

ተናገር ተባልኩ። ተናገርኩ። ስጨርስ አቶ ኦይቻ አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

«ኳሱ የት ነው ያለው?»

«ቴሌቪዥኑ ውስጥ።»

«አንተ ነህ የምትመታው?»

«እኔ ነኝ።»

«በእግርህ?»

«በአውራ ጣቴ።»

አቶ ኦይቻ አውራ ጣቴን አዩት። ሁለቱ ሽማግሌዎችም አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ።»

«ሁለት ዓመት?»

«ሁለት ዓመት።»

«ታዲያ ልጄ፣ ከሳሹ እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ሳል አስመስሎ ሳቀ።

ተናደድኩ። አሁንማ ጉዳዩ ሊጣልብኝ ነው ብዬ ልነሣ ስል አቶ ኦይቻ እጃቸውን ዘረጉ። አንተ የደጋ ልጅ ነህ፣ ሥርዓቱን ታውቀዋለህ አሉ። እውነት ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ሆን ብዬ ነው የረሳሁት። በእኛ በጋሞዎች ሥርዓት ከሳሽ የሌላውን ጥፋት ብቻ ተናግሮ አይቀመጥም። ሆዱ ውስጥ የደበቀው የራሱ ነገር ካለ እሱንም ሣሩ ላይ ያወጣል። የተደበቀ ነገር ጎሜ፣ የጥፋት እርግማን፣ ይሆናል፤ ከቤት ገብቶ ሰውየውን ይበላዋል። ደብቆ ሣር የረገጠ ሰው ዕርቁ አይዝለትም።

«አንተ የደበቅኸው ምንድን ነው?» አሉኝ።

የለም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሣሩን አየሁት። ያ ሣር አስቸጋሪ ነገር ነው። ደጋ ሳለሁ አባቴ ሲረግጠው አይቻለሁ።

«ስልክ ተደውሎልኝ ነበር» አልኩ።

ማንም አልገባውም። ቀስ እያልኩ አወጣሁት። አምና አንድ ቅዳሜ ስንጫወት ስልኬ ጮኸ። ለእኔ ስልክ በዓመት አንዴ ስለሚመጣ ደነገጥኩና ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ ጥዬ አነሣሁት። የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ያም ሆኖ ሰውየውን ማነህ፣ ከየት ነህ እያልኩ ትንሽ አወራሁት። ስልኩን ስዘጋ ሁለት ጎል አግብቼ ነበር። እኔ አልነካሁም። ጭኔም አልነካም። ጋሽ አስናቀ «አቤት ሩጫ» አሉኝ። እኔም አየኋቸው፤ አየኋቸውና «አዎ፣ ዛሬ ተመችቶኛል» አልኩ።

«ስለዚህ ታውቅ ነበር» አሉ አቶ ኦይቻ።

«አውቅ ነበር።»

«ካወቅህ ዛሬ ምን ያስከስስሃል?»

«ያኔ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ ያውቃሉ።»

ይህን ስናገር ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ሌሎች ያደረሱብኝን ስዘረዝር ኖሬ፣ የራሴን አንዲት ነገር ለማውጣት ይህን ያህል አላብ ነበር?

ተራው የጋሽ አስናቀ ሆነ። እሳቸው የእኛን ሥርዓት ባያውቁትም ተነሥተው ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሣሩ ጠርዝ ላይ ቆሙ። ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ለእኔ ነው የተናገሩት።

«የመጀመሪያ ቀን ሳሸንፍህ ሁለት ቅዳሜ ቀረህ። ሁለቱንም ቅዳሜ ባርኔጣህን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሐሙስ ከልጆቹ ጋር እጫወታለሁ፤ እነሱ ተሳፋሪ ሲመጣ ትተውኝ ይሮጣሉ። አንተ ሥራ ፈተህ ሳይሆን እኔን ብለህ ነው የምትመጣው። ብታሸንፍ ትመጣለህ፤ ብትሸነፍ ትቀራለህ። ምን ላድርግ?»

«ቢነግሩኝስ?»

«አኩራፊ ነህ እኮ፣ ወንድሜ።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከተማው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው።

አንድ የቀረኝን ጠየቅሁ። «ፊደሉስ ጋሽዬ? እሱንም እንዲሁ ነው ያሳለፉኝ?»

ጋሽ አስናቀ እንደተሰደበ ሰው ቀና አሉ። «በፊደል? በፊደልማ ሁለት ጊዜ ጥዬሃለሁ። ብትፈልግ ሦስተኛም እጥልህ ነበር። በፊደል እኔ አልጫወትም።»

እውነታቸውን ነው። ሁለቴ ጥለውኛል። ያን ጊዜ ለአንድ ወር ረግሜያቸው ነበር። ማንጎው ሥር ሆኜ ግን ያ መውደቅ ሹመት መሰለኝ።

አቶ ኦይቻ ሁለታችንም ሣሩን እንድንረግጥ አደረጉ። ከዚያ እንሂድ አሉ። ወዴት ስንል፣ ውሸቱ የተሠራበት ቦታ፤ እዚያው እውነቱ ይሠራ፤ አሉ። ሦስት ሽማግሌ በቡሉኮ፣ አንድ ጡረተኛ በኮት፣ አንድ ጥበቃ በላብ፣ ተሰልፈን ሲቀላ መሃል አለፍን። ሰው ለቅሶ የምንሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀልን። እትዬ ምንታምር ሽማግሌዎች ሲገቡባት ቤቷን ሊያዘጉ የመጡ መስሏት ደረቷን ያዘች። ሹፌሮቹ አግዳሚውን ለቅቀው ግድግዳ ተደገፉ።

አቶ ኦይቻ አጠገቤ ተቀምጠው ያንተዎቹ የትኞቹ ናቸው ሲሉ ጠየቁኝ። ቀዮቹ አልኳቸው። ጨዋታው ተጀመረ። ምን እንዳጋጠመኝ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ኳስ አልደረሰኝም። ሲደርሰኝም ወዲያው ይሄዳል። ነጮቹ በግራ ይገባሉ፣ በቀኝ ይገባሉ፤ በረኛዬን ያንከባልሉታል። አራተኛው ጎል ላይ አቶ ኦይቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በጋሞኛ የእነዚህ ቀዮች ደመወዝ አልተከፈላቸውም እንዴ አሉኝ። ሰባተኛው ላይ እሳቸውም ቡሉኳቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዘጠኝ ለባዶ ተሸነፍኩ።

ሽማግሌዎቹ አጨባበጡን፣ መረቁን፣ ነገሩ ዛሬ እዚህ ላይ አለቀ ብለው ሄዱ። ጋሽ አስናቀም እጄን ጨብጠው ወጡ። «ቅዳሜ» አላሉም። እኔም አላልኩም። ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ዘጠኝ ብዙ ነው።

ሽማግሌዎቹ አለቀ አሉ እንጂ አላለቀም። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ሰኞ አኩርፌ ነበር። ማክሰኞም። ረቡዕ ሉዶውን ከፍቼ አራቱንም ቀለም አየሁና ዘጋሁት። ዓርብ ሸሚዜን አጠብኩ፤ ለምን እንዳጠብኩት ለራሴም አልነገርኩትም። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አልሄድም አልኩ። ሰባት ሰዓት ላይም አልሄድም አልኩ፤ ጫማዬን ግን አድርጌ ነው ያልኩት።

ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቤቱ ሙሉ ነው። ጋሽ አስናቀ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሁለቱንም ጆይስቲክ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ጨዋታው አልተጀመረም። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። አንድ ሹፌር ከአግዳሚው ሆኖ ያጉረመርማል፤ ጋሽዬ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ እኮ፣ ወይ ይጫወቱ ወይ ያጫውቱን ይላል። እሳቸውም ዞር ሳይሉ፦

«ሰው አለው» ይላሉ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ጆይስቲኩን ሰጡኝ። አራት ገባብኝ። አምስት። አንድ ጊዜ ግን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከቀዮቹ አንዱ ሾልኮ ኳሱን ይዞ ሄደና አገባው። ቀስ ብዬ ጋሽ አስናቀን አየኋቸው። ፊታቸው ቀልቷል። ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ መቱት። ስንት ዘመን ተማሪ ፊት ክፉ ቃል ሳይወጣቸው የኖሩ ሰው፣ የበረኛቸውን እናት ስም አንሥተው ሰደቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በቁጣ፣ «ይህቺን ደግመህ አታገኛትም» አሉኝ።

አላገኘኋትም። ሰባት ለአንድ ተሸነፍኩ፤ ከወንበሬም አልተነሣሁም። ነገሩ ያለቀው ያኔ ነው፦ ቅዳሜ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.።